ለአባቴ ሌሊት ያልኩት ቀን

አባቴ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ከቢስቲማ ወደ ደሴ አምጥቼ እኔ ጋ ሳኖራቸው፣ የቸገረኝ አለማየታቸው አልነበረም። እሱን ለምደውታል፤ በዱላቸው ግቢውን ይዞሩታል፣ ጫማቸውንም ራሳቸው ያገኛሉ። የቸገረኝ እንቅልፋቸው ነው። አንድ ሰሞን እንደ ሰው ሌሊት ይተኛሉ። ከዚያ እያመሹ፣ እያመሹ ይሄዱና ጭራሽ ቀን ተኝተው ሌሊት ቁጭ ይላሉ። ቆይተው ደግሞ ዞረው ይመለሳሉ።

ሐኪሙ አንጎል ውስጥ ሰዓት አለ አለን። በየማለዳው ብርሃን በዓይን ገብቶ ያስተካክለዋል፤ የሳቸው ዓይን ብርሃን ስለማያስገባ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። አባቴ ሳቁ።

«እንግዲያ እንደ ሰዓት አንች ሙይኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ በነቁ ቁጥር «ነጋ?» ይሉኛል። ቀን ነው ካልኳቸው ይነሳሉ፤ ሌሊት ነው ካልኩ ይተኛሉ። የመስጊዱ አዛን ቢኖርም፣ ተኝተው ያለፋቸው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቁታል? ያላቸው የኔ ቃል ብቻ ነበር።

የኔም ሰዓት ከሳቸው አይሻልም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ጠዋት ሰርቪሱ ሲያወርደኝ ጎረቤት «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል፤ አላደርኩም ማለት ያምረኛል። ወራት እንዲህ ሲሄድ ሰው ይደነዝዛል። አጎቴ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳዛጋ ነበር።

አንድ ቀን ውሃ መጥቶ ስለነበር ከቀትር አልፎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልብስ ሳጥብ፣ ባልዲና በርሜል ስሞላ ቆየሁ። ገና ጋደም ከማለቴ አባቴ ነቁ።

«ነጋ?»

«አልነጋም፣ አባየ። ሌሊት ነው፣ ይተኙ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ ነው። እሳቸው ግን «ደግ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ።

ትንሽ ቆይቶ አዛን አለ። የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሂ መስሏቸው ቀና አሉ። የሱብሂ አዛን ላይ ብቻ የሚጨመር ቃል አለ፤ ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል የሚል። እኔም ትራሴ ላይ ሆኜ ጠበቅኩት፤ ሙአዚኑ ለኔ ብሎ የሚሳሳት ይመስል። አልመጣም። የከሰዓቱ ሶላት፣ ዐሱር ነበር።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ትንፋሼን አዳመጡ። የተኛሁ መሰልኩ። ከዚያ፣ ቤቱ ሙሉ ውሃ ሳለ፣ መዳፋቸውን በቀስታ ከጭቃው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። እንዲያ የሚያደርገው ውሃ ያጣ መንገደኛ ወይም በሽተኛ ነው። ለመስገድም አልቆሙም፤ ዱላቸው ሲያንኳኳ እንዳልነቃ ነው። በተኙበት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ በመጨረሻም አመልካች ጣታቸው ከብርድ ልብሱ በላይ ቀና አለች። የኔን ሐሰት ላለማጋለጥ ተኝተው ሰገዱ።

ማፈር ነበረብኝ። አፍሬም ይሆናል፤ ግን እያፈርኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማታ ለፈረቃ ስወጣ «ደህና ተኛሽ ወይ?» አሉኝ።

«ደህና፣ አባየ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነጋ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እንቅልፌን ሊያተርፉልኝ ይሁን ቃሌን ማመን ትተው፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ሲነቁ አዛን እስኪል ድረስ ጋደም ብለው ይጠብቃሉ።