የሚካኤሎች ገመድ

ፍኖተ ሰላም ላይ ወፍጮ ቤት የነበረን በንጉሡ ዘመን ነው፤ ሃምሳዎቹ ወደ ማለቂያቸው ሲቃረቡ። ባሌ ሞተሩን ያውቃል፣ እኔ ደግሞ ሰዉን። ሞተሩ ሲያስቸግር እሱ ይገባል፤ ሰዉ ሲያስቸግር እኔ እወጣለሁ። ሥራችንን የተከፋፈልነው እንዲህ ነበር። የማናችን ሥራ ይከብድ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ገበሬው ከየአጥቢያው ተሰባስቦ ይመጣና እህሉን እኛ ዘንድ ጥሎ ገበያውን ይውላል፤ ሲመለስም ተጠባብቆ፣ ተያይዞ ነው። በስም ልያዛቸው ብል ስሙ ሁሉ አንድ ነው፤ አንዱን ስጠራ ግማሹ ሰው “አቤት” ይላል። ስለዚህ ሰዉን በደብሩ ያዝኩት። ግድግዳው ላይ ከሚስማር ሚስማር ገመድ ወጠርኩ፤ ለሚካኤሎች አንድ፣ ለማርያሞች አንድ፣ ለጊዮርጊሶች አንድ። ሰው ስልቻውን ሲያስረክበኝ የቅል ስባሪ አነሣና ለሁለት እሰብረዋለሁ። ግማሹን ለባለቤቱ እሰጣለሁ፤ ግማሹን በጋለ ሽቦ በስቼ በደብሩ ገመድ ላይ በግራ ጫፍ አስገባዋለሁ። የሚወጣው በቀኝ ጫፍ ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። የተሰበረ ቅል ከገዛ ግማሹ በቀር ከማንም ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ስብራቱ ከገጠመልህ ተራው ያንተ ነው፣ ክርክር የለም።

አንድ ቅዳሜ የእኅቴ ልጅ ክርስትና ሆነና ጅጋ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱን ለባሌ ተውኩለት። “እህሉን ተቀበል፤ ቅሉን ስበር፤ ግማሹን በየገመዱ አድርግ” አልኩት። ከዚህ በላይ ምን እላለሁ? አዋቂ ሰው ነው፤ ሞተር በትኖ የሚገጥም።

እኩለ ቀን ላይ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ስመለስ ሞተሩ ዝም ብሏል። ቺንጋው፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጥሶበት ጧቱን ሙሉ ሲጠግን ውሎ ገና መጨረሱ ነው፤ አንዲት ስልቻ እንኳ አልተፈጨችም። ስልቻው እስከ በሩ ተከምሯል። ቀና ብዬ ገመዶቹን ሳይ በእያንዳንዱ ላይ አንድ፣ አንድ ቅል ብቻ ተንጠልጥሏል።

“ሌላው የት አለ?” አልኩት።

“የትኛው ሌላው?”

“የሰዉ ቅል ነዋ! የቀሩት!”

በእግሩ ወደ አንድ ቁና ጠቆመኝ። የሁሉም ደብር ቅል አንድ ላይ ተዘርግፎ ቁናውን ሞልቶታል። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የቀደመውን ቅል ከገመዱ እያወጣ ቁናው ውስጥ ሲጥል፣ በቦታው አዲሱን ሲሰካ ነበር የዋለው። ለአንድ ገመድ አንድ ቅል! ደግሞስ እንዴት ደስ ብሎት፤ “ተዝረክርኮብሽ ነበር፣ አጸዳሁልሽ” አለኝ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ስለ ኮምፒውተር ተምራ ትመጣና ታጫውተኛለች። በአንድ ቁልፍ ሥር ብዙ ነገር በመጣበት ተራ የሚያኖር መዝገብ አለ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ የሚይዝም አለ፤ አዲስ ሲገባበት የነበረውን ያጠፋዋል አለችኝ። “ያንን እንኳ አውቀዋለሁ፣ አግብቼዋለሁ” አልኳት።

ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። በርሜሉን ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ናፍጣው ወደ ማለቂያው ነው፤ የሚያመጣልን መኪና ደግሞ ከማክሰኞ በፊት አይደርስም። ሰዉ ከገበያ መመለስ ሲጀምር እውነቱን ነገርኩት፤ የሚፈጨው ለጥቂት ሰው ብቻ ነው አልኩ። ማርያሞችና ጊዮርጊሶች ቅርብ ናቸው፤ እያጉረመረሙም ቢሆን “ማክሰኞ እንመለሳለን” ብለው ሄዱ። ሚካኤሎች ግን አገራቸው በሽንዲ በኩል ሩቅ ነው፤ ባዶ እጃቸውን መመለስ አልፈለጉም። ሁሉም “እኔ ቀድሜያለሁ” እያለ በሩን አጨናነቀው።

ከነሱ መካከል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ጥጉን ይዛ ቆማለች። አውቃታለሁ፤ ልጇን ሐሙስ ትድራለች። ያለቻት ያች አንዲት ልጅ ናት። የድግሱ ጤፍ ዛሬ ካልተፈጨ ሊጡ አይቦካም፤ ሊጡ ካልቦካ ሚዜና ሠርገኛ ሲመጣ ገበታው ባዶ ነው። የዚያን ሁሉ ሰው እህል በእጅ ወፍጮ ፈጭታ አትደርስበትም። ጎረቤቶቿ ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ግን ስልቻ ያለው ሰው ሁሉ ችግርም አለው።

ይኼኔ የነሱው አጥቢያ ጭቃ ሹም በቅሏቸውን አሽከራቸው ዘንድ ትተው ሕዝቡን እየገፉ ገቡ። ግማሽ ቅላቸውን ገመዱ ላይ ካለው ጋር አጋጠሙት። ልክክ አለ።

“እነሆ! ገመዱ ላይ ያለሁ እኔ ነኝ። ሌላ የማንም የለም። በሉ ፍጩልኝ” አሉ።

እውነትም ገጥሟል። ሰዉ ገለል አለላቸው፤ ሹም ናቸውና። ባሌ አጠገቤ ቆሞ “ይኼ ገመድ የሚባል ነገር ጥንቱንም ጣጣ ነው” እያለ ያጉተመትማል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ንዴቴ ነው መሰለኝ አእምሮዬን የከፈተልኝ።

“ግድ የለም፣ ሁላችሁም ወደ ግቢው ውጡ” አልኩ። “ማን ቀደመ ብዬ አልጠይቅም። ይልቅ ስልቻችሁን ስታስረክቡ ከፊታችሁ የማንን ጀርባ አያችሁ? ሂዱና ከዚያ ጀርባ ኋላ ቁሙ።”

ሰው የራሱን ተራ ይዋሻል፤ የቀደመውን ሰው ግን አይረሳውም፤ ቆሞ ሲረግመው ነው የቆየው። “እኔ ያችን ስታስል የነበረችዋን ነው ያየሁ” ይላል አንዱና ከኋላዋ ይቆማል። “እኔ ጋቢው የተቀደደውን” ትላለች ሌላዋ፤ ባለጋቢው ይቆጣል፣ ሰዉ ይስቃል። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ግቢው ውስጥ ተበታትነው የቆሙት እየተቀጣጠሉ አንድ ረጅም ሰልፍ ሆኑ። አንዲት ወፍራም ሴት ግን ወደ ጥጉ ሄዳ “እኔ የእኚህን ጀርባ ነው ያየሁ” ብላ ያችን ባልቴት ከነበረችበት ጎትታ አወጣቻት።

“እናቴ፣ እርስዎ ከፊትዎ ማንን አዩ?” አልኳት።

“ማንንም... ገና ጎህ ሲቀድ ነው የደረስሁ” አለች ወደ መሬት እያየች። “ግን ግድ የለም ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ሰው አታጣይ።”

ጭቃ ሹሙ አሁንም ብቻቸውን ቆመዋል። “ከፊቴ ማንም አልነበረም አልኋችሁ” አሉ።

“ይሁን ጌታው” አልኩ፤ “የአንቱን ጀርባ ያየ ማን ነው?”

ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድም ሰው እጁን አላነሣም። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሹም እንደሚፈራ አውቃለሁ፣ ላቡ እየወረደ ነበር። “ጌታው... እኔ ገመዱ ላይ የማስቀረው የመጨረሻውን ነው። ቅልዎ ገመዱ ላይ የተገኘው ከሁሉም ኋላ ስለ መጡ ነው” አለ። በዚያች ቅጽበት ያደረገውን ሁሉ ይቅር አልኩት።

ሰልፉ ውስጥ የነበሩ አንድ ቄስ “ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ ይላል ወንጌሉ” ብለው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጭቃ ሹሙም መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ ሳቁ እሳቸውንም ያዛቸውና ወደ ሰልፉ ጭራ እየተጎተቱ ሄዱ።

ሞተሩ ተነሣ። የባልቴቲቱ ጤፍ ከሁሉ በፊት ገባ። የቀረችው ናፍጣ ከሰልፉ ግማሽ አልፋ ጥቂት ሄደችና ሞተሩ ተንተፋትፎ ቆመ። የቀሩት ለማክሰኞ ተቀጠሩ። የጭቃ ሹሙ ስልቻ እኛ ዘንድ ስለሚያድር አህያቸው ባዶዋን ልትመለስ ሆነ፤ እሳቸው ራሳቸው “እንግዲህ ባዶዋን አትሂድ” ብለው የሴትዮዋን ዱቄት አስጫኑላት።

ሴትዮዋ እጇን ትኩስ ዱቄቱ ውስጥ አስገብታ ትንሽ ቆየች። “ልጄ፣ ባሌ ካረፈ ወዲህ በርስቱም በውኃው ተራም ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ” አለችኝ። “ፊተኛዋ አንቺ ነሽ ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ።”

የስልቻዋን አፍ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩላት። መንገደኞቹ ጓዛቸውን አንሥተዋል። እንደ ልማዷ ሁሉም እስኪያልፍ ከበሩ ገለል ብላ ቆመች። ያን ቀን ግን የሚያልፍ ጠፋ። ቄሱም፣ ወፍራሟ ሴትም፣ ጭቃ ሹሙም ከነበቅሏቸው ቆመው ይጠብቋታል።

“ይለፉ እንጂ እመት” አሉ ቄሱ።

ነጠላዋን አስተካከለችና ከሁሉም ፊት ወጣች።