የአሥራ አምስት ቁጥር ማሊያ

እማማ አረፋ ይሏታል። ስም ሳይኖራት ቀርቶ አይደለም። ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ ከአረፋ ስለማይወጣ የራግቢ ልጆቹ አንድ ቀን አወጡላት፤ እሷም ሳቅ ብላ ዝም አለች፣ በዚያው ጸደቀ።

ማጠቢያ ክፍሏ ከተመልካች መቀመጫው ጀርባ ነው። ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ አለው፣ ጥብቅ አድርገው ቢዘጉትም ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧ አለው፣ ከመስኮቱ ብረት እስከ ምሰሶው የተወጠረ የሽቦ ገመድ አለው። ከእሷ በፊት እናቷ እዚያው ታጥብ ነበር። እናትየው ግራኝ ነበረች። ማሊያ ስትጨምቅ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ ታጥፍና ወደ ግራ ትጠመዝዘዋለች፤ መጨረሻ ላይ ጫፉን በራሱ ውስጥ ሰክታ፣ ጥምጥም አድርጋ ገንዳው ጠርዝ ላይ ታስቀምጠዋለች። ይህን አጨማመቅ ያወረሰችው ለሁለት ልጆቿ ብቻ ነው፤ ለእማማ አረፋና ለታናሽ ወንድሟ።

ወንድምየው አሥራ አምስት ቁጥር ነበር። በራግቢ አሥራ አምስት ቁጥር ማለት ከሁሉም ኋላ ብቻውን የሚቆመው ነው። ገና ጢሙ ሳይሞላ፣ አንድ ጉም የለበሰ ጠዋት፣ ኳሷ ከምሥራቁ ግብ በላይ ተጠልዛ ከሽቦ አጥሩ ወዲያ ወደቀች። እሱም አጥሩን በአንድ እጁ ተደግፎ ዘለለና፣

«ውሃውን አሙቂልኝ፣ መጣሁ!» አላት።

አልመጣም። ጉሙ ሲገፈፍ አገር ወጥቶ ፈለገው። ከአጥሩ ወዲያ ገደል የለ፣ ኩሬ የለ፤ እስከ ዓይን ማየት ድረስ የተኛ ሣር ነው። የማሊያው አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተገኘችም። እናቱ ደጅ ደጁን እያየች አለፈች።

እማማ አረፋ ግን ከማጠቢያ ክፍሉ አልተነቀነቀችም። ወንዝ ማዶ ቤት የነበረው አንድ አናጺ ደህና አድርጎ ወዷት ነበር። «ወንድሜ ሲመጣ ማን በር ይከፍትለታል?» አለችው። ቢጠብቅ ቢጠብቅ ጊዜ ሲሄድበት ሌላ አገባ። የመሰናበቻም ይሁን የቁጭት፣ በእጁ የጠረባቸውን የእንጨት ልብስ መቆንጠጫዎች በጨርቅ ቋጥሮ ሰጣት። እስከ ዛሬ አንዱም አልተሰበረም።

በእነዚያ መቆንጠጫዎች ነው የወንድሟን ትርፍ ማሊያ የምታሰጣው። ጉም በሚመጣበት ጠዋት ንጹሑን ታሰጣዋለች። ጉሙ ሲነሳ ክርኑ ጭቃ፣ አንገትጌው ላብ ሆኖ እዚያው ተሰቅሎ ታገኘዋለች። ለማንም ትንፍሽ ሳትል አጥባ ታጥፈዋለች። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ዘግታ ታጥበው ነበር፤ ኋላ ለመደችው። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ።

ተጫዋቾቹም የለመዱት ነገር ነበራቸው። በጉም ቀን ኳስ ከምሥራቁ አጥር ካለፈች ማንም አይሄድም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ። ትንሽ ቆይታ ኳሷ ከጉሙ ውስጥ ተወርውራ ትመጣለች። አዲስ የገባ ልጅ «ማነው የሚወረውራት?» ካለ፣ «ደመወዝ የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው፣ ተጫወት!» ይሉትና ይስቃሉ። ሳቁ ግን ቶሎ ነው የሚያልቀው።

እንዲህ እያለ የብሔራዊ ራግቢ ማሠልጠኛ የት ይቋቋም የሚለው ነገር መጣ። ሁለት ቦታ ታጭቷል፤ አንዱ በሌላ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው አሸዋማ ሜዳ፣ ሌላው ይኸው የእማማ አረፋ ሜዳ። ከተመረጠ አዳሪ ታዳጊዎች ከየቦታው ይመጣሉ፣ ማደሪያ ይሠራል። ካልተመረጠ ሜዳው ለመጋዘን ይሰጣል፣ ማጠቢያ ክፍሉም ይፈርሳል።

አሠልጣኙ ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ መጣ።

«እማማ፣ ነገሩ አለቀልን! አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሣሩ ፍራሽ የመሰለ፤ ከዚህ የተሻለ የት ያገኛሉ? ላንቺም ሙቅ ውሃ ያለው አዲስ ክፍል በዕቅዱ አስገብቻለሁ።»

«እኔ እቴ፣ አሮጌው ይበቃኛል።»

«ብቻ ሲመጡ ያንን የተቀደደ ሽርጥሽን አውልቂ። አደራ!»

ኮሚቴው የመጣ ዕለት ጉም ነበር። ሰብሳቢዋ ረጋ ያለች፣ ነጠላ ጫማዋ በጤዛ የራሰባት ሴት ናት። አብሯት የመጣው መሐንዲስ ወጣት ነው፣ ሜትሩን እንደ መጫወቻ እየሳበ የሚለቅ፣ ለሁሉም ቀልድ የማያጣ። ልጆቹ ለእንግዶቹ ሲጫወቱ ኳሷ ተጠለዘችና ከምሥራቁ አጥር ወዲያ ሄደች። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ? ስብሰባ ላይ ናችሁ?» አለ መሐንዲሱ። «ቆይ፣ እኔ አመጣታለሁ። ወዲያኛውንም ልየው፣ ማደሪያው እዚያ ነው የሚያርፈው።»

«ተው ልጄ! ተው!» አለች እማማ አረፋ። ድምፅዋ ግን ድሮም ከገንዳው አያልፍም። አጥሩን ተሻገረ፤ ጉሙም ዋጠው።

ቆየ። አሠልጣኙ ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋ። እማማ አረፋ ዓይኗን ወደ ገመዱ መለሰች። መቆንጠጫዎቹ እንደነከሱ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ጠዋት ያሰጣችው ማሊያ የለም።

መሐንዲሱ ኳሷን በብብቱ ይዞ፣ እየሳቀ ተመለሰ። በቀጥታ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ መጥቶ እጁን ቧንቧው ሥር ዘረጋ።

«እዚያ ያቆማችሁት ልጅ ጨዋ ነው፣ በእጄ ሰጠኝ። ግን ኮት ምናለ ብትሰጡት እማማ? በማሊያ ብቻ፣ ውሃ ሆኗል።»

«ስንት ቁጥር?» አለችው።

«አሥራ አምስት መሰለኝ። ቀልደኛም ነው። ‹ልትቀይረኝ የገባኸው አንተ ነህ?› አለኝ።»

የያዘችው ሳሙና ሙልጭ ብሎ ገንዳው ውስጥ ወደቀ።

«አንተስ ምን አልከው?»

«‹ኧረ እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ሩጫ አልችልም› አልኩታ! እሱ ግን አልሳቀም። ‹እንግዲያው ልጆቹ ሲመጡ› ብሎ...» እዚህ ላይ መሐንዲሱ ራሱ ቆም አለ። እጁን አየ። ኳሷን የነካበት መዳፉ እንደ በረዶ ነጥቶ፣ ቢያሸውም ቢያሸውም አልሞቅ አለው። «ማነው ልጁ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሳሙናውን ከውሃው ውስጥ ፈልጋ አወጣች። ያን ሁሉ ዘመን በር የምትከፍትለት እሷ እንደሆነች ታስብ ነበር። ለካ በሩ የሚከፈተው ሌላ ሰው ሲገባ ነው። ማሠልጠኛው እዚህ ቢመጣ አዳሪዎቹ በዚያ ሣር ላይ ይተኛሉ። አንዱ፣ ልማዱን የማያውቅ ለጋ ልጅ፣ በጉም ቀን ኳስ ሊያመጣ ይዘልላል። የዚያን ዕለትም ወንድሟ ውሃው ሞቋል ወይ እያለ ይገባል። ዕድሜዋን ሙሉ የለመነችው ይኸው ደጇ ቆሟል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ዝምታ ደግሞ ተፈጥሮዋ ነው።

ሰብሳቢዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ስለ ውሃውም ስለ መንገዱም ጨርሰናል። ሁላችንም ወደዚህ ሜዳ አድልተናል። እርስዎ እዚህ ኖረዋልና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጆች ቢያድሩበት ምን ይላሉ?»

አሠልጣኙ ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ይለምናታል። እማማ አረፋ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ የደረቀ እጇን ደግማ ጠረገች።

«እኔ ልጅ አልወለድኩም» አለች። «ብወልድ ግን እዚህ አላሳድረውም።»

«እማማ! ምን ነካሽ?» አለ አሠልጣኙ። «ክፍልሽን በገዛ አፍሽ ልታስፈርሺው ነው?»

ሰብሳቢዋ እሱን አልሰማችውም። መሐንዲሱን አየች። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ መዳፉን በብብቱ ያሞቃል፤ ያ ሁሉ ቀልድ የት እንደገባ። ቀና ሳይል፣ «ልክ ናቸው። እንሂድ» አለ። ሰብሳቢዋ ወደ ምሥራቁ አጥር ትንሽ አየችና ጃኬቷን ሰበሰበች።

ማሠልጠኛው ለባቡር ጣቢያው ሜዳ ሆነ። አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ አኮረፋት፤ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ግን ተመልሶ ግንባሯን ሳመ። ልጆቹም ሄዱ። ሣሩ ረዘመ። ግቦቹ ተነቅለው ጉድጓዳቸው ውሃ ያዘ። እማማ አረፋ ጉም በመጣ ቁጥር ማሊያውን ታሰጣ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልቆሸሸም። ተቀይሟታል ማለት ነው። ከክፍሉ መፍረስ ይልቅ ይሄ አንጀቷን አቃጠለው።

አፍራሾቹ በሚመጡበት ጠዋት ጉም ነበር። ማሊያውንና መቆንጠጫዎቹን ለመሰብሰብ ስትገባ ማሊያው ገመዱ ላይ የለም። ዞር አለች።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ማሊያው ታጥቦ ተቀምጧል። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ወደ ግራ ተጠምዝዞ፣ ጫፉ በራሱ ውስጥ ተሰክቷል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ አሁንም እንፋሎት ያወጣል፤ በዚያ ክፍል ግን እሳት ከጠፋ ቆይቷል።

እማማ አረፋ ጠጋ ብላ ማሊያውን በጣቷ ነካች። ከዚያ ለሰው እንደሚነገር አድርጋ፣ «ደህና ጨምቀኸዋል ወንድሜ» አለች። መስኮቱ ላይ የሰው ጥላ የመሰለ ነገር ጉሙን ይዞ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ሲል አየችው፤ ወይ ጉሙ ብቻውን ይሆናል።

ማሊያውን አላሰጣችውም። እንደ እርጥቡ ደረቷ ላይ አቅፋ በአሮጌው በር ወጣች። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የምትኖረው ከአክስቷ ልጅ ቤት ነው። የአክስቷ ልጅ እንደምታወራው፣ ማሊያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እስከ ዛሬ አልደረቀም።