አባቴ ካርድ ሊገዛ የተነሣ ቀን

አባቴ ከአንገር ጉቲን የመጣው ማንጎ የሞላ ማዳበሪያ ተሸክሞ ነው። ኡኬ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ተንፍሶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውሏል፤ ያም ሆኖ ነቀምቴ እቤቴ ሲደርስ ውሃም አልጠየቀ፣ ምግብም አልጠየቀ። ማዳበሪያውን በሩ ሥር ጣል አድርጎ፣ «ማሽኑ ይሠራል?» አለኝ።

ማሽን የሚለው ላፕቶፔን ነው። «ይሠራል አባባ» አልኩት። አልዋሸሁም፤ በእኔ ቤት ማሽን ይሠራል ማለት ፊልም ያሳያል ማለት ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ የገዛሁት ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አብሮኝ ከኖረ ጀምሮ ቀምሶ አያውቅም።

አባቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን ከሰፈሩት አንዱ ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበር። ታላቅ እኅቱ እዚያው ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። በቅርቡ አንድ ጎረቤታችን ለዘመድ ሠርግ ወሎ ሄዶ የአክስቴን ቤተሰብ ስልክ ይዞልን መጣ። እናም በስልክ ይነጋገራሉ፤ ይነጋገራሉ ከማለት ይጯጯሃሉ ማለት ይሻላል፣ ሁለቱም በመካከላቸው ያለውን አገር በጉሮሯቸው የሚሻገሩት ስለሚመስላቸው። አባቴን ግን ይህ አላረካውም። «ድምፅማ ሬዲዮም አለው፤ እኔ ፊቷን ነው የምፈልገው» ይላል።

ፊቷን ሊያይ የሚችለው በማግስቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። የአክስቴ የልጅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ጥሩ ስልክ ያላት እሷ ብቻ ናት። ለእረፍት መጥታ፣ አሮጊቷን ኔትወርክ ከሌለበት ተራራ ቁልቁል ይዛ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዳለች። ከነገ ወዲያ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። ነገ ካልተሳካ እስከ ሌላ እረፍት መጠበቅ ነው፤ የአክስቴ ጉልበት ደግሞ ያንን ቁልቁለት ዳግመኛ ስለመውረዱ ማንም ዋስ አይሆንም።

የዚያን ምሽት በእኔ ስልክ ሞክረነው ነበር። የልጅቷ ምስል አፏን እንደከፈተች ቀጥ ብሎ ቀረ። ዓይኑ የደከመው አባቴ ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲያየው ቆየና፣ «ይቺ ሰው ናት ዝንብ?» አለ። ስለዚህ የቀረን ላፕቶፑ ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ካሜራ አለው፤ ኢንተርኔቱን ደግሞ ከአከራዬ ዋይፋይ አገኛለሁ ብዬ ልቤን ሞልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዋይፋይ ብሎ ነገር የለም። ስልኬ የግቢውን ዋይፋይ እያሳየኝ፣ ላፕቶፑ ግን በዓለም ላይ ብቻውን ያለ ይመስል አንድም ኔትወርክ አይታየውም። እኔ የሕንጻ ዕቃ ሻጭ ነኝ፤ ያልሠራ ነገር ወይ ላልቷል ወይ ዝጓል ብዬ ነው የማምነው። ብሎን የሌለው ብልሽት ያናድደኛል።

ቅንብሩን ከፍቼ የላፕቶፑ ዕቃዎች የተዘረዘሩበት ቦታ ገባሁ። የገመድ አልባው ኔትወርክ ካርድ እዚያ አለ፤ ምልክቱ ላይ ግን ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ተለጥፋበታለች። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው።

«ምን ሆነ?» አለ አባቴ፤ ከኋላዬ ቆሞ አንገቴ ላይ ይተነፍሳል።

«ካርዱ ነው አባባ።»

«አለቀ?»

«አላለቀም፤ ጠፍቷል።»

ዘወር አልኩ። አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። ፍራሹን አነሣ፣ ጫማዎቼን አራገፈ። ቀጥሎ ኮቱን ለበሰና፣ «በቃ ጠፍቶ እንደሆን ሱቅ ሄጄ ሌላ ልግዛልህ፤ የስንቱን ነው የሚሞላው?» አለኝ። ለእሱ ካርድ ማለት በጥፍር የሚፋቅ የስልክ ካርድ ነው። ማስረዳት ጀመርኩ፤ በመሀል ሳቅ አፈነኝና ተውኩት። እሱም ለምን እንደምስቅ ሳይገባው አብሮኝ ሳቀ፤ ኮቱን ግን አላወለቀም።

ካርዱ ላይ የቀኝ ቁልፉን ተጭኜ «አንቃ» የምትለዋን መረጥኩ። ቀስቷ ጠፋች። ኔትወርኮች ተግተልትለው መጡ፤ የጎረቤቱ፣ የሆቴሉ፣ የእኛ ግቢ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳይበርድ ሁሉም ተመልሰው ጠፉ። ተመልሰው መጡ፤ ደግሞ ጠፉ።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?»

«ባትሪ እቆጥባለሁ ብሎ ካርዱ ይተኛል።»

«ከምሳ በኋላ እኔንም እንደዚያ ያደርገኛል፤ አትቆጣው» አለ አባቴ።

የካርዱን ዝርዝር ገልጬ፣ ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ካርዱን ያጥፋው የምትለዋ ላይ የተደረገችውን ምልክት አነሣሁ። ዋይፋዮቹ ረጉ። የኛ ግቢው ከሁሉም በላይ፣ መስመሮቹ ሞልተው ቁጭ አለ። ስነካው ፓስዎርድ ጠየቀኝ፤ ይህ ቀላሉ ነው አልኩ።

አከራዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ዋይፋዩን ያስገባላቸው ጊምቢ የሚሠራው ልጃቸው ነው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ፊታቸውን ለማየት። በፌስታል ማንጎ ሞልቼ በራቸውን አንኳኳሁ።

«አዴ፣ አካም ኦልታን?» ብዬ እንዴት እንደዋሉ ጠየቅኋቸው።

«ነጋ፣ ኢልማ ኮ፤ ደኅና ነኝ ልጄ።» ማንጎውን ተቀበሉኝ፣ አሸተቱት፣ ፊታቸው ፈካ። «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ።

«አዴ፣ አባቴ ወሎ ካለች እኅቱ ጋር በቪዲዮ ሊተያይ ነው። የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

«ገለቶማ» አሉ።

ፈገግ ብለዋል። እኔም ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸውም ጠበቁ።

«ፓስዎርዱን አዴ፤ ለዛሬ ብቻ ነው።»

«ኤዬ፣ ገለቶማ» አሉ ደግመው፣ አዎን እንደማለት፤ ማንጎውን ይዘውም ወደ ጓዳ ገቡ።

ደሜ ፈላ። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው፣ ለምኖ «እግዜር ይስጥህ» ሲባል ምን እንደተባለ አይጠፋውም፤ በባዶ እጅ መሸኘት ነው። ለማንጎው ገለቶሚ፣ ለልመናዬ ገለቶማ! ገለቶሚ አንተ ለሚሉት ነው፤ ገለቶማ ለብዙ ሰው ወይም አንቱ ለሚሉት። ሴትዮዋ ከልጅነት አውርደው አንቱ ብለው ገፉኝ ማለት ነው። በኪራይ በኖርኩባቸው ዓመታት ፊት ነስተውኝ ስለማያውቁ ደግሞ የበለጠ አመመኝ።

ተመልሼ እልሄን ካርዱ ላይ ተወጣሁ። የሰው አልለምንም፣ ከራሴ ስልክ አገናኘዋለሁ ብዬ የካርዱን የረቀቀ ቅንብር ከፈትኩ። ትርጉማቸውን የማላውቃቸው ስሞች ተደርድረዋል፤ በራሱ ይወስን የሚለውን ሁሉ እንደ ቧንቧ መክፈቻ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አዞርኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የነበሩት ኔትወርኮች በሙሉ ድራሻቸው ጠፋ። እየተራገምኩ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩ። በመጨረሻ የስልኬን ኔትወርክ ያዘልኝና ሞከርኩት፤ እንደ ማታው ምስሉ ደርቆ ቀረ። በመሀል ስልኬ ጮኸ፤ የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። «አያቴ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች፤ መቼ ነው የሚሆነው ትላለች» አለችኝ።

አባቴ ተላጭቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሏል። ኮቱ አሁንም እላዩ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ሴትዮዋ ምን አሉህ?»

«ገለቶማ ብለው ሸኙኝ።»

«ለማንጎው ነዋ።»

«ለማንጎውማ ገለቶሚ ነው ያሉኝ። ፓስዎርዱን ስጠይቅ ነው ገለቶማ ያሉት።»

አባቴ አንገር ጉቲን ገበያ ላይ በቆሎና ሰሊጥ ሲሸጥ የኖረው በኦሮምኛ ነው፤ ቅላጼው የወሎ ቢሆንም ቃሉን ያውቃል። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። «አንተን ደግሞ ማነው አንቱ የሚልህ?» አለ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። ቆይ እስቲ።» ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከግቢው ማዶ ሳቅ ሰማሁ። የአባቴን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ሌላው የአከራዬ መሆን አለበት፣ እንዲያ ሲስቁ ግን ሰምቻቸው አላውቅም። ሁለቱ አዛውንት እየተደጋገፉ ገቡ።

«ቃሉ እሱ ነው!» አለ አባቴ። «ፓስዎርዱ ራሱ ገለቶማ ነው።»

«ኢልማ ኮ» አሉ አከራዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «ልጄ ነው እንደዚያ ያደረገው፣ የሚገባው ሁሉ አመስግኖ ይግባ ብሎ። እኔ ሁለቴ ነገርኩህ፤ አንተ ዝም ብለህ ታየኛለህ። ምን ሆኖ ነው አልኩኝ።»

ሀፍረቴና ደስታዬ እኩል መጡ፤ ደስታው በለጠ። ቶሎ ብዬ ጻፍኩት። እምቢ አለ። ደግሜ ጻፍኩ። እምቢ። ላፕቶፑ ማገናኘት አልቻልኩም ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም፤ እጄ ተመልሶ ወደ ካርዱ ቅንብር ሊሄድ ሲል አከራዬ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ሰፈራ መንደር ስማር በአማርኛ ነው፤ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤን፣ አልተማርኩም። ስለዚህ «ገ»ን በጂ እና በኢ ነው የጻፍኩት፣ ስልክ ላይ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደምንጽፈው። ቁቤ ላይ ግን ጂ እና ኤ ናት። «ለ»ም እንደዚያው።

«ሌላው ደግሞ፣ ሲሳብ ይደገማል» አሉ፤ ድምፃቸው ሳይታወቃቸው ክፍል ውስጥ ገባ። «ገለ-ቶኦ-ማኣ። ስማው። ቶ ብለህ ሳብ፤ የሳብከውን ያህል ጻፍ።»

አባቴ ከጎኔ ሆኖ «ቶኦኦ» ብሎ ሳበ። «ያን ያህል አይደለም፣ ኦቦ» አሉት፤ እሱም አሳጠረው። ሁለት ኦ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ኤ። አስገባሁ። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ተገናኝቷል አለ። አባቴ ማንበብ ባይችልም ከፊቴ አነበበውና ትከሻዬን ጨመቀኝ። አከራዬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ይህን ሳያዩ የትም እንደማይሄዱ ያስታውቃሉ።

ደወልኩ። ልጅቷ ወዲያው አነሣችውና ስልኩን ወደ ጎን መለሰችው። ነጠላዋን አገጯ ድረስ የተከናነበች አሮጊት ስክሪኑን ሞልታ መጣች፤ ጥርት ብላ፣ የግንባሯ ንቅሳት ሳይቀር ይቆጠራል። አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ «እታለም» አለ።

አክስቴ አፍጥጣ አየችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባዬ!» አለች።

አባቴ ዘወር ብሎ ከኋላው አየ። ከኋላው ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።

«እኔ ነኝ እኮ እታለም፤ ወንድምሽ ነኝ።»

«አወቅሁህ» አለች እያለቀሰች፣ እየሳቀችም። «አወቅሁህ ወንድምዓለም። ግን እሱን ሆነህ መጣህብኝ። ይኸው ሊሞት ሰሞን እንዲህ ነበር። ሽበቱ እንዲህ፣ ጉንጩ እንዲህ። እዚች ጋ እንኳ ሽብሽብ ነበረችው።»

አባቴ ወሎን ሲለቅ አያቴ ገና ፀጉሩ የጠቆረ ጎልማሳ ነበር። ሲያረጅ ያየችው፣ የቀበረችውም አክስቴ ናት። አባቴ የአባቱን ሽምግልና አያውቀውም።

ቀስ ብሎ እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ፤ ግንባሩን ነካ፣ ጉንጩን ነካ። ከዚያ ዓይኑ ከእኅቱ ላይ ወርዶ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ፤ እዚያ በትንሿ ሣጥን ውስጥ የራሱ ምስል አለ።

«ያቺን ታች ያለችውን» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «አሳድግልኝ፤ አባቴን ልየው።»