ቆጡ ላይ የነበረው ሳንቃ

አባቴ ለራሳቸው የሬሳ ሣጥን እንጨት ያዘጋጁ ሰው ናቸው። ከጋፋት ወረድ ብሎ ባለው ጓሯችን የነበረውን ዋንዛ አስቆርጠው፣ በሳንቃ አሰንጥቀው፣ ጭስ እየጠጣ እንዲደርቅ ቆጡ ላይ ደረደሩት። ከዚያው ዋንዛ በራችን ተሠርቷል፣ ለደብሩም ከበሮ ተፈልፍሎለታል፤ የቆጡ ሳንቃ ግን አይነካም። «ባሕር ዛፍ ውስጥ እንዳትጨምሩኝ፤ አፈር ሳይለብስ ይሰነጠቃል» ይሉናል።

ታናሽ ወንድሜ ያሾፍባቸው ነበር። «አባዬ፣ አንቱ እንደሁ አይሞቱ! ለሠርጌ አልጋ ላሠራበት።»

«እኔ ሳልሞት አይወርድም!» ይላሉ እየሳቁ።

ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ፣ ደውዬ ወንድሜን ባልኩ ቁጥር «መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል፤ ኔትወርክ የለም» ይሉኛል። በገንሁ። እህቱን የሚረሳ ከንቱ! ስመጣ የምሰድበውን ስድብ ሳይቀር አዘጋጀሁ። ቢሆንም ለዚያ ሎጋ እግር የሚሆን ጫማ ስንት ሱቅ ዞሬ ገዛሁለት።

የመጣሁ ዕለት እናቴ ነጭ ለብሳ ተቀበለችኝ። ነጠላዋ አዲስ ነው፤ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም። ጎረቤቱ ሁሉ እየሳቀ ሳመኝ። ባገራችን ለመንገደኛ መርዶ ወዲያው አይነገርም፤ እህል ቀምሶ፣ አድሮ፣ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እኔም ስንቱን አብሬ አርድቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን ምኑንም አልጠረጠርኩ። የሐዘን ከላቸውን ሸሽገዋል፣ ልጆቹን አፋችሁን ያዙ ብለዋል።

ቤት ገብቼ፣ እናቴ እግሬን ስታጥበኝ ቀና አልኩ። ቆጡ ባዶ ነው።

አባቴን አየሁ፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እናቴን አየሁ፤ እግሬን ይዛለች።

«ሳንቃው የት ሄደ?» አልኩ።

የእናቴ እጅ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ወንድሜን! ወንድሜን አምጡልኝ!» ብዬ ጮኽሁ። አርጂዎቹ ሳይሰበሰቡ ለቅሶው ተነሣ፤ ጎረቤት እየሮጠ ገባ። እናቴ ያን ነጭ ነጠላ ከላይዋ ቀዳ ጣለችው። ወባ ነው አሉኝ፤ ከመተማ ታሞ መጥቶ ነው። ጫማውን ታቅፌ አለቀስኩ። ስድቤንም አለቀስኩት።

ሲመሻሽ አባቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሳንቃውን ያስለካሁት በኔ ቁመት ነበር» አሉ። «እሱ ረዘመብኝ፣ ልጄ። ወደ እግሩ ባሕር ዛፍ ቀጠልንበት።»