ተጠሪ የሚለው መስመር

ስሙኝማ። ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። መጽሐፍ ጽፌያለሁ። አዎ፣ እኔ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ካርጎ የምገፋው። የፊደል ግድፈቱን የተማረ ያርመው። ያን ሁሉ ገጽ ሞልቼ ያቃተኝ አንድ ገጽ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው፣ «መታሰቢያነቱ ለ» የሚለው።

ለምን እንዳቃተኝ እንዲገባችሁ ከጣቢያው ልጀምር።

አገር ቤት ነው፣ ጠዋት። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ከበራችን ላይ ወሰዱኝ። ጥፋቴ ስለተደበደቡ የሰፈር ልጆች ፌስቡክ ላይ መጻፌ ነው። ዳቦው በእጄ እንዳለ ጣቢያ ደረስን። አንድ መዝጋቢ ትልቅ መዝገብ ዘርግቶ ሻይ ይጠጣል። አልጮኸብኝም። ድምፁ ለስላሳ ነው። በኋላ ሳስበው ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነበር።

«ስም?»

ነገርኩት።

«ተጠሪ?»

ተጠሪ ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት ስትመዘገቡ፣ ሆስፒታል ስትተኙ የምትሞሉት፤ አንድ ነገር ብትሆኑ የሚጠራላችሁ ሰው።

«ብታመም ትደውሉለታላችሁ?» አልኩት።

«እንዴታ፣ ወንድሜ። የምትወደውን ሰው ጻፍ» አለኝና እስክሪብቶውን ራሱ ከፍቶ ሰጠኝ።

እናቴን እንዳልጽፍ ደም ብዛቷን ፈራሁ። ጓደኛዬን ጻፍኩ። አንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስሙን ጻፍኩ፣ ስልኩን ጻፍኩ። የሱቁንም ምልክት ጨመርኩ፤ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ብዬ። ማንም ሳይመታኝ፣ በገዛ እጄ፣ በጥሩ ጽሕፈት።

ክፍሉ ውስጥ ሰው በጎኑ እንጂ በጀርባው መተኛት አይችልም። አምፖሉ አይጠፋም። ባልዲው በሩ ሥር ነው፤ አዲስ የገባ ሰው ባልዲው አጠገብ ይተኛል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ሁሉም አባባ የሚላቸው፣ ጠሩኝ።

«ተጠሪ ሞላህ?»

«አዎ፣ አባባ። ጓደኛዬን።»

«እንግዲህ ጸልይለት፣ ልጄ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ጓደኛዬን አስገቡት። ነጭ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው። ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር አለ።

«አንተ! እዚህ ነህ?» አለኝ። «ደንበኛዬ ግማሽ ጺሙን ይዞ ቀረ'ኮ! አሁን ሰፈሩን እየዞረ ስሜን ያጠፋልኛል።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩህ» አልኩት። «ተጠሪ ሲሉኝ።»

ካፖርቱ ላይ ያለውን ፀጉር አንድ አንድ እያለ መልቀም ጀመረ። ብዙ ለቀመ።

«ታዲያ ማንን ልትጽፍ ኖሯል?» አለኝ። «ሌላ ሰው ብትጽፍ ነበር የምቀየምህ።»

«አንተንስ አልጠየቁህም?»

«ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ።»

እናት አለው። ልትወልድ የደረሰች ሚስት አለችው።

«መዝጋቢው፣ 'ሰው የሌለው ሰው አለ እንዴ?' አለኝ። 'ይኸው እኔ' አልኩት። መስመሩን ባዶ ተወው።»

አባባ ይሄን ሲሰሙ ከግድግዳው ተነሱና ቦታቸውን ለቀቁለት። በክፍሉ ውስጥ በጀርባ የሚተኛባት ቦታ እሷ ብቻ ናት።

ሁለት ቀን ተኛባት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ስሙ ተጠራ። «ከነዕቃህ!» ከነዕቃህ ማለት ወይ ቤትህ ነው፣ ወይ ሌላ ቦታ ነው። የሚጠራህ ሰው የቱ እንደሆነ አይነግርህም። ዕቃ የሚባል አልነበረውም። ካፖርቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። የኔን ኮሌታ አስተካከለልኝ፤ ሙያው አይደል።

«ፍጠን!» አለው ፖሊሱ።

«ኧረ እፈጥናለሁ! ያ ሰውዬ በግማሽ ጺም እየጠበቀኝ ነው» አለና ወጣ።

ቤቱ አልገባም። እኔ ከወራት በኋላ ስፈታ እናቱ አሁንም ስንቅ ይዘው በር ላይ ይመላለሳሉ። «እንዲህ የሚባል ሰው የለንም» ይሏቸዋል። ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ስትሄድ፣ «አንቺ ምኑ ነሽ? መዝገብ ላይ የለሽም» ይሏታል። እነሱን ያዳነበት ባዶ መስመር እሱን የሚጠይቅ ሰው አሳጣው።

አሁን እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። እዚህም የእስር ቤት ግንብ አለ፤ ጠዋት ጠዋት በጎኑ አልፌ ሥራ እሄዳለሁ። ሥራ ስጀምር አለቃዬ ፎርሙላር ሰጠችኝ፤ አንድ ነገር ብትሆን ለማን እንደውል ይላል። «ኒማንድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማንም። አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ቸኮሌት ሰጠችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ ጋሼ ሱቅ ቴርሚን ነበረኝ፤ ቀጠሮ። ጋሼ ሲም ካርድና ቅመም ይሸጣሉ፤ ከጓዳ ባለው ኮምፒውተር ደግሞ መጽሐፌን ገጽ በገጽ ያዘጋጁልኛል።

«ለእናትህ አድርገውና እንገላገል» አሉኝ። «አንድ ገጽ ምን ያስምጥሃል?»

«እናቴ አሁንም እዚያው ቤት ናት፣ ጋሼ።»

«ለዚያ ለጓደኛህስ?»

ሳልመልስ፣ ሲም ካርድ ሲመርጥ የነበረ ሰውዬ ዞር አለ። ያገራችን ሰው ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል።

«መጽሐፍ ነው? ጎበዝ! ለማን ነው መታሰቢያነቱ?» ድምፁ ለስላሳ ነው። «የምትወዳቸውን ሰዎች ጻፋቸው እንጂ፣ ወንድሜ።»

ፈገግ አለና ምንም ሳይገዛ ወጣ።

«ታውቀዋለህ?» አሉኝ ጋሼ።

«እኔ'ኮ እርስዎ የሚያውቁት መስሎኝ ነው።»

ጋሼ ተነስተው በሩን ዘጉ። ቀን ነው፤ ሱቅ የሚዘጋበት ሰዓት አይደለም።

ምናልባት ሰውዬው ደግ ነው። እናንተ የጣቢያው ሰዎች እንዲህ ነው ያደረጋችሁኝ፤ ደግ ሰው ሲናገረኝ ጀርባዬን ያልበኛል።

«ባዶ ይውጣ» አልኳቸው ጋሼን። «መታሰቢያነቱ ለ ይበልና መስመሯ ትሰመር። ማንም እንዳይጻፍባት።»

«ሰው ስህተት ይመስለዋል።»

«ይምሰለው።»

ማተሚያ ቤቱ እስከ ሰኞ ይጠብቀኛል። እንግዲህ መዝገቡ እናንተ ጋ ነው፣ እኔ የማውቀው የለም። በሕይወት ካለ ስሙን ጽፌ ሁለተኛ አላስበላውም። ከሌለ ደግሞ ስሙን መደበቅ ነውር ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰውን፣ ቁልፉን እስከ ታች የቆለፈውን ሰው የት አደረሳችሁት? ልጻፈው ወይስ አልጻፈው?