ከጉልበቷ የወጣው ብረት

ፀጉር ሠሪዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ተጸያፊ ነበረች። የሰው ፀጉር ስታጥብ ውላ እጇን በሎሚ ካልፈተገች እህል አፏ አይገባም። ታናሽ እህቷ «አንቺስ አንድ ቀን የራስሽንም ምራቅ ትጸየፊዋለሽ» እያለች ትስቅባታለች። እንዲህ ያለች ሴት ጥፍሩ ከግራሶ ጠርቶ የማያውቅ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ማግባቷ ለጎረቤቱ ሁሉ እንቆቅልሽ ነበር።

እግሮቿ እንደ ቀስት ወደ ውጭ የጎበጡ ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ክብደቷ በቀኝ ጉልበቷ የውስጥ ጎን ላይ እያረፈ መገጣጠሚያውን በላው፤ ደረጃ መውጣት ጣር ሆነባት። ሐኪሙ ከጉልበቷ በታች ያለውን አጥንት ከውስጥ በኩል ቆርጦ፣ እንደ በር ገርበብ አድርጎ ከፈተና እግሯን አቀናው፤ ክፍተቱንም በብረትና በብሎን አሰረው።

ሲያሰናብታት «እህቴ፣ ብረቱ ብቻውን አይሸከምሽም» አላት። «በውጭ በኩል ሳልቆርጣት የተውኳት ቀጭን አጥንት አለች፤ እሷ ናት አብራው የምትይዘው። እስክፈቅድልሽ ድረስ በዚህ እግር እንዳትቆሚ።»

ቤቷ ገብታ ተኛች። ከፋሻው ሥር የሚወጣው የላብና የመድኃኒት ሽታ እግሯን የባዕድ አስመሰለባት፤ ልታስታምማት የመጣችው እህቷ ፋሻውን ስትቀይርላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ባሏ ግን ብረቱን ወደደው። ከሱቅ ሲመጣ እጁን ሳይታጠብ በጥቁር ጣቱ ቁስሏ አጠገብ እየጫነ ብረቱን ይፈልጋል።

«አገኘኋት! ምነው ግን አሳነሷት?»

«አንተ ሰው፣ እጅህን አንሳ! ሊያስመልሰኝ ነው!»

አንድ ጠዋት ምርኩዞቿን አንስቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ሰቀላቸው። «ብረት ተገጥሞልሽ እንጨት ትደገፊያለሽ? መኪና የሚበላሸው ቆሞ ሲውል ነው። ተነሺና ተራመጂ!» ብሏት ወደ ሱቁ ሄደ።

እህቷ ገበያ ወጥታለች። አልጋው ሥር ፖፖው ተቀምጧል፤ ያደረ ሽንት አለበት፣ ዝንብ ይዞረዋል። እሱ ላይ ከምቀመጥስ ሞቴን እመርጣለሁ አለችና ግድግዳ ይዛ ቆመች። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ከእግሯ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ከዚያ ወዲያ እግሯን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ከቆዳዋ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ከብዷት ጆሮዋን እንደደፈነች እህቷ ደርሳ ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

የራጁ ፎቶ ጉዱን አወጣው። ቀጭኗ አጥንት ተሰንጥቃ ሸክሙ ሁሉ ብረቱ ላይ ወድቋል፤ እሱም ተጣምሞ ብሎን በገባበት ቀዳዳ ላይ ተሰብሯል። «ቀጫጫ ስለሆንሽ ይበቃታል ብዬ አጭሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ረጅምና ወፍራም ብረት አስገባላት፤ ብሎኖቹ አጥንቱን ነክሰው ብቻ አይቀሩም፣ ጭንቅላታቸው ራሱ ብረቱ ላይ ተጠምዝዞ ይጠብቃል።

ባሏ አሮጌውን «ንብረታችን ነው» ብሎ ነርሷን ለምኖ ወሰደው።

እግዜር ይማርሽ ሊሏት እንግዶች የመጡ ዕለት ምሳ ላይ ከሸሚዝ ኪሱ አወጣው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጠርሙስ መክፈቻ ሲጠፋ የቢራውን ክዳን በእሱ ፈነቀለበት፤ ሁሉም ሳቁ። ቀጥሎ ጥርሱ መሀል ሥጋ ገብቶበት ኖሮ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ በተሰበረው ጫፍ ጎረጎረው።

ከአጥንቷ የወጣ ብረት! ገበታው ላይ አስመለሰች።

«ምን ሆነች? ታጥቧል እኮ!» አለ ባሏ።

በማግስቱ እህቷ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። «ለመሆኑ የታመምሽው ጉልበትሽን ነው ባልሽን?» ስትላት ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ባልየው ብርቱካን ይዞ መጣ። «ለአንዲት ቁራጭ ብረት ትቀየሚኛለሽ?»

«ፖፖ አጠገቤ ትተህ ምርኩዜን ሰቅለህ ሄድክ። ከዚያ በተሰበረው ብረት ጥርስህን ጎረጎርክ። አንተ ስትበላ ማየት አልችልም፤ በቃ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። አልነበረም። ሽማግሌ ቢልክም አልተመለሰች፤ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብላ በሩን ዘጋችው።

አጥንቷ ገጥሞ ሥራዋን ጀመረች። እግሯ ቀጥ ብሎ ይሸከማታል። ገላዋን ስትታጠብ ግን ከቆዳዋ ሥር ያለው ጠንካራ ጠርዝ እጇን ሲነካት ዛሬም ይዘገንናታል፤ ዐይኗን ጨፍና ቶሎ ታልፈዋለች።