ይቅርታ ያልኩበት ጠረጴዛ

ትናንት አጅማን ያለው ቤታችን እንግዳ መጣች። የምጽፍበትን ጠረጴዛ ነቅነቅ አድርጋ «ጥንካሬው!» ስትል እናቴ ቀበል አድርጋ «ጋሽ ዳንኤል ነው የሠራልን፤ እጁ ይባረክ» አለቻት። ሩዝ እያቀረብኩ ነበር፤ ጭልፋው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ደግነቱ አሁን መጻፍ እችላለሁ። እንዲህ ተናድጄ ስጽፍ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

በኮሮና ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ እኔና እናቴ አንዱን ክፍል፣ ጋሽ ዳንኤልና ሚስቱ ሌላውን ተከራይተን እንኖር ነበር። ሙቀቱ ገብቷል፤ ኤሲው ይንጠባጠባል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ኮምፒውተሬን ሻንጣ ላይ አስቀምጬ፣ መሬት ተቀምጬ ስማር ወገቤ ተቆረጠ። ጋሽ ዳንኤል አዘነልኝና ጠረጴዛ ሊሠራልኝ ከሚሠራበት የጀበል አሊ መጋዘን የተጣለ ጣውላ አመጣ።

ብሎኑን በቀጥታ ጣውላው ጫፍ ላይ ማሽከርከር ጀመረ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አይበሳም?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ብሎን ሳስር አልተወለድሽም! ያላ፣ ትምህርትሽን ተማሪ።»

ጧ! ጣውላው ተሰነጠቀ። «ደረቅ እንጨት ነው» አለ። ለሌላው ጣውላ መሰርሰሪያውን አነሳ፤ ግን ወፍራሙን ፑንታ፣ የሚበሳውን ብረት፣ ገጠመበት። ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። የክብሪት እንጨትና ማጣበቂያ ጠቀጠቀበትና «ኸላስ፣ አለቀ! ሙሽኪላ የለም፣ ምንም ችግር የለም» አለ። እናቴ ከጠበሰችው ዓሣ ትልቁን ቁራጭ ሰጠችው።

በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ፈተና ላይ እያለሁ የጠረጴዛው እግር ወለቀ። ኮምፒውተሩን በጉልበቴ ቀለብኩት፤ ፈተናው ግን ተቋረጠብኝ።

«ተደግፈሽበት ነው!» አለች እናቴ።

«ተዪያት፣ ልጅ ናት» አለ ጋሽ ዳንኤል ከበሩ ሆኖ። ልጅ ናት!

«ይቅርታ በዪው።»

«እማዬ፣ ቀዳዳው እኮ ሰፊ…»

«በዪ አልኩሽ!»

እሱ ሲመጣ ባጠለቅኩት ማስክ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ይቅርታ አልኩ።

በማግስቱ ሁሉም ሥራ ሲሄዱ መሰርሰሪያውን አነሳሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ፑንታዎቹን አንድ በአንድ ብሎኑ ፊት ደቀንኳቸው። ትክክለኛው የብሎኑን ግንድ ይሸፍናል፤ ጥርሶቹ ብቻ ግራና ቀኝ ብቅ ይላሉ። ጥርሱ የሚነክሰው እንጨት ያስፈልገዋላ! ከአሮጌው ቀዳዳ ራቅ ብዬ በዚያው ፑንታ በሳሁ። ብሎኑ እያቃሰተ ገባና ጥብቅ አለ። ክፍሉ በእንጨት ብናኝ ሽታ ታወደ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወጥቼ ዘለልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ዳንኤል ሲመለስ ሞከረውና «አላልኳችሁም? ማጣበቂያው ሲደርቅ ይጠነክራል!» አለ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ።

እሱም እናቴም ሳቁ። እናቴ ሳቋ ሳያልቅ መረቀችው።

ትናንት እንግዳዋ ስትሄድ ለእናቴ ሁሉንም እንደገና ነገርኳት። አሁን አልሳቀችም። «ታዲያ ለምን እሷ ፊት አልተናገርሽም?» አለችኝ።

ሰው ፊት ቃሌን እንድውጥ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ሰውየው አለማወቁ አይደለም የሚያቃጥለኝ፤ አለማወቁን እኔ ይቅርታ ጠይቄ መሸፈኔ ነው። ይህን ጽፌ ስጨርስ አነብላታለሁ። ያን ቀን ያስባለችኝን ይቅርታ አሁን እሷ ትበለኝ።